የጋሼ ታደሰ የመርከበኛ ኮፍያ

ኮፍያ ሰው እንደሚሾም ታውቃላችሁ? እኔ በስደት በምኖርበት በያራቪል ሰፈር አይቻለሁ። ጎረቤቴ ጋሼ ታደሰ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ መልሕቅ የተጠለፈበት የመርከበኛ ኮፍያ ገዙ። በሳምንቱ «ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ሳለሁ…» ማለት ጀመሩ። እኛም አመንን፤ ኮፍያን ማን ይጠራጠራል?

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ የእውነት የባሕር ኃይል ጡረተኛ የሆኑት ጋሼ በላይ ኮፍያውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

«አቶ ታደሰ፣ የተራ መርከበኛ ኮፍያ ከፊቱ መከለያ የለውም፤ ዙሪያውን በታሰረው ሪባን ላይ የመርከቡ ስም ይጻፋል። ይህ ባለ መከለያው ግን የመኮንን ነው። ማዕረግዎ ምን ነበር?»

ጋሼ ታደሰ ኮፍያውን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ።

«አብሳይ ነበርኩ።»

«የየትኛው መርከብ?»

«ሐዋሳ… ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል።»

ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ጋሼ በላይ ግን ኮፍያውን መልሰው አናታቸው ላይ ደፉላቸውና ቀጥ ብለው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡ።

«ሐይቅም ውሃ ነው፣ ጌታዬ!»