ወንበሩ ላይ ያልተቀመጠችው ሴትዮ

ቫት ከመጣ ወዲህ መርካቶ ውስጥ ግብር ያልተጣለበት ንግድ አንድ ብቻ ነው፤ ምክር። በየበረንዳው «አያገባኝም ግን» ብሎ የሚጀምር፣ ከዚያ በኋላ የማያገባው ነገር የሌለ ሰው አይጠፋም። የሶማሌ ተራዋ ተጠሪ ክብርት እትዬ ካሚላ ናቸው፤ በሙያ ጨርቅ ነጋዴ፣ በትርፍ ጊዜ የትዳር ሐኪምና የመኪና መካኒክ፣ ሰሞኑን ደግሞ የሥዕል መምህር።

የሥዕሉ ጣጣ የሉብና ነው። ከእትዬ ካሚላ ሱቅ አጠገብ ባለው የጋሼ አለሙ ሥዕል ቤት ሁለት ዓመት ታፔላ ስትጽፍ ቆይታ ሰው መሣል ልማር አለች። ጋሼ አለሙ ራሳቸው የሣሏትን፣ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ግድግዳው ላይ ሰቀሉና «እሷን ገልብጪ» አሏት። ሦስት ጊዜ ገለበጠች፤ ሦስቴም «አልተቀመጠችም» ብለው መለሱባት። አራተኛው ካልሆነ ወደ ታፔላዋ ልትመለስ ነው። ልጅት ምግብ አልበላ አላት።

እትዬ ካሚላ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ከች ይላሉ። «አያገባኝም ግን አፍንጫዋን ጉንፋን ይዞታል።» በማግስቱ ደግሞ፣ «አያገባኝም ግን ይቺን ሴትዮ ባሏ ያስከፋታል።» ሉብና በሆዷ፣ ምነው ደንበኛ ባጣደፋቸው! ትላለች፤ በአፏ «እሺ እትዬ»።

አራተኛው ሊታይ አንድ ቀን ሲቀረው እንደገና መጡ።

«ፊቷን ተይው፤ ችግሩ ቀሚሷ ነው። ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ሸጫለሁ፣ ወላሂ የተቀመጠ ሰው ቀሚስ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይወርድም!» በርጩማ ስበው ዘፍ አሉ። «እይ! ጭኔ ስር ተጨመቀ፣ ጉልበቴ ላይ ተወጠረ፣ እዚህ ተሸበሸበ። የአንቺዋ ቆማ የታጠፈች ናት።»

ሉብና መጀመሪያ አፈረች፤ ከዚያ ሳቋ መጣ። ለካ መስመሩን ስትገለብጥ የሴትዮዋን ክብደት ረስታዋለች! ቀሚሱን ፍቃ እንደገና ጀመረች። እትዬ ካሚላም የመጣውን ደንበኛ «ነገ ተመለስ» እያሉ እስኪመሽ ተቀመጡላት።

ሲነጋ ጋሼ አለሙ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩ።

«አሁን ተቀመጠች» አሉ። «በይ፣ የእኔን መገልበጥ ይብቃሽ። ሕያው ሰው ፈልጊና ሣዪ።»

ሉብና ማንን ልሣል ብላ አላመነታችም። ቀለም በነካ እጇ ሱቁ ገብታ «እትዬ፣ እርስዎን ልሣልዎት» አለች።

ሁሉን የሚያውቁት ሴትዮ ሻሻቸውን ነካ ነካ አደረጉ።

«እኔን?» አሉ ቀስ ብለው። «እኔን እኮ ማንም ቁጭ ብሎ አይቶኝ አያውቅም።»