ዘጠኝ ቦታ የተለጠፈ ፊት

እኔን ከሰማችሁኝ፣ ሰው የገዛ ፊቱ ጌታ መሆኑ የቀረው ቪዲዮ ካሜራ ቦንጋ የገባ ዕለት ነው! ከዚያ ወዲህ ፊታችሁን ተሸክማችሁት ትዞራላችሁ እንጂ ባለቤቱ ሌላ ነው። አትሳቁ... እኔም እንደናንተ እስቅ ነበር። አባቶች «ከፍትፍቱ ፊቱ» ያሉት ካሜራ ስላላዩ ነው። ቢያዩ ኖሮ «ፍትፍቱን ብሉ፣ ፊታችሁን ደብቁ» ባሉን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጎረቤታችን የእትዬ ወርቄ ልጅ ለሺሺንዳ ሰው ተዳረች። የሙሽራው አባት አቶ ገብሬ ቡና ነጋዴ ናቸው። ሲያስነጥሳቸው የሺሺንዳ ገበያ በሙሉ ሥራውን አቁሞ «ይማርዎ» የሚላቸው ሰው!

ሠርጉ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው የኋላ ጥርሴ አመፀብኝ። ጥርስ ስላችሁ ተራ ጥርስ እንዳይመስላችሁ... ራሱን ችሎ ወረዳ ሊሆን የሚችል ጥርስ ነው፤ የጎደለው ማኅተም ብቻ። እሱ ሲመታ ቦንጋ ተኝቼ የማንኪራ ጫካ ንብ ጆሮዬ ውስጥ ይጮኽብኛል። ቢሆንም ከሠርግ መቅረት አይታሰብም። በኛ ሰፈር ሠርግ የቀረ ሰው በሕይወት ቢኖርም እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ቅርንፉዴን ነክሼ ሄድኩ። ዳሱ ውስጥ ከመብራቱ ሥር ተቀመጥኩና ፊቴን አንድ ቦታ አቆምኩት። አልስቅም፣ አላዝንም፣ አላኝክም። እኔ ፊቴን ላላንቀሳቅስ፣ ጥርሴም ላይነሳብኝ ተስማምተን ነበር።

ዝናቡን አልነገርኳችሁም? የከፋ ዝናብ እንደ ዘመድ ነው፤ ሳይጠሩት ይመጣል፣ «በል እንግዲህ» ሲሉት ደህና አድርጎ ይቀመጣል። ጥር ነው፣ በጋ ነው ብለን ቀን ብንቆርጥ እሱ የጥሪ ወረቀት የደረሰው ይመስል ከሙሽራው ቀድሞ ደረሰ።

ቪዲዮ የሚያነሳው ኤልያስ ነበር። ኤልያስ ጅማ ሄዶ ካሜራ የተማረ፣ እዚህ ፎቶ ቤት የከፈተ ጎልማሳ ነው። ፎቶ አንሺ ብትሉት ይቀየማችኋል፤ ዳይሬክተር ነኝ ባይ ነው። ያን ቀን ካሜራውን በፌስታል ጠቅልሎ ሲሯሯጥ ዋለ፤ ሌንሱ ግን እንደ ሻይ ቤት መስኮት አላበው። ሙሽሮቹን፣ ንግግሩን፣ ጭፈራውን እንደምንም አተረፈ። የታዳሚው ፊት ግን ጉም ዋጠው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ጥርት ብሎ የወጣ አንድ ፊት ብቻ ነበር። ገምታችኋል! መብራቱ ሥር ድርቅ ብሎ የተቀመጠው፣ አርባ ሰከንድ ያህል ዓይኑን እንኳን ያላርገበገበው የኔ ፊት።

እንግዲህ በኛ ደንብ የሠርግ ካሴት የሙሽሮቹ ብቻ አይደለም። ተሠርቶ እንዳለቀ በሙሽራዋ እናት ቤት፣ እሑድ ከሰዓት፣ ሰፈሩ ሁሉ ተጠርቶ ይታያል። ሰው የሚመጣው ሙሽራዋን ለማየት እንዳይመስላችሁ... ራሱን ለማየት ነው! ሦስት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብሎ፣ የራሱን ማጅራት ለሁለት ሰከንድ አይቶ፣ «ያውና እኔ» ብሎ ረክቶ ይሄዳል። እኛም እኔና ባለቤቴ አስካለ ሄደን ከፊት ተቀመጥን። አቶ ገብሬ እንኳን ከሺሺንዳ ተጋብዘው መጥተው ዋናውን ወንበር ይዘዋል።

መጀመሪያ ብቅ ስል ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ሙሽራዋ የእናቷን ጉልበት ስማ ስታለቅስ ታየችና ወዲያው የኔ ፊት ቴሌቪዥኑን ሞላው። ቤቱ በሙሉ «እሰይ» አለ። እትዬ ወርቄ ዕንባቸውን እየጠረጉ ዞረው ትከሻዬን ሳሙኝ። ለልጃቸው እንዲህ የማዝን መሆኔን እስከዛሬ ባለማወቃቸው ይቅርታ ጠየቁኝ። እኔም ምን ልበል... ይቅር አልኳቸው። ምስጋና እንደ ጠጅ ነው፤ ከተቀዳልህ በኋላ የሌላ ሰው ነው አይባልም።

ትንሽ ቆይቶ ሥጋ ሲቆረጥ ታየ። ከሥጋው ቀጥሎ እኔ! «ጋሽ ታደሰ በዓይኑ ጨረሰው» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ትንሽ ቆይቶ አቶ ገብሬ ተነስተው ስለ ዘር ማንዘራቸው ረጅም ንግግር ሲያደርጉ ታዩ። ከሳቸው ቀጥሎ ማን? እኔ! አሁን ግን ያ ፊት... ቅንድቡ ያው፣ ከንፈሩ ያው፣ አቀማመጡ ያው፣ ንቀት በንቀት ሆኗል! ስለ ራሴ ፊት ስመሰክር፣ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ የገመተ ፊት ነው። አቶ ገብሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ንግግሬ አልጣመዎትም መሰለኝ፣ አቶ ታደሰ።»

ጥሞኝ ነበር ብዬ ማልኩ፤ ግን ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ታደሰ እዚህ ወንበር ላይ ካለው ታደሰ ይልቅ ይታመን ነበር።

ከዚያ... የሙሽራዋ ሚዜ ለጭፈራ ተነሳች። ስለ ሚዜዋ ብዙ አልልም፤ ይህን ጋዜጣ ባለቤቴም ታነበዋለች። ኤልያስ አዘገያት። ሹሩባዋ ወደ ላይ ወጥቶ እስኪወርድ ከቦንጋ ሺሺንዳ በጭቃ የሚያስኬድ ጊዜ ፈጀ። ከበሮውን አጠፋው። ዋሽንት አስገባ። ቀጥሎ የኔ ፊት... ቀስ እያለ እየቀረበ፣ እየቀረበ፣ እስከ ዓይኔ ብሌን ድረስ። ከዚያ እሷ። ከዚያ እኔ። ከዚያ እሷ። ከዚያ እኔ! ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ ዝም ባለ ፊት ግን ስንት ነገር ይገባበታል መሰላችሁ!

አስካለ ነጠላዋን አስተካከለች። እኔ እሷን አውቃታለሁ፤ ነጠላዋን አንዴ ካስተካከለች ደመና ነው፣ ሁለቴ ከሆነ ዝናብ፣ ሦስቴ ከሆነ ጎርፍ። አራቴ አስተካከለችው።

ቤት ስንገባ መክሰስ ይቅረብልዎ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ልብ በሉ፣ «ይቅረብልዎ»! አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንተ ስትለኝ የኖረች ሴት እንደ ክፍለ ሀገር አስተዳዳሪ ስታከብረኝ መከሰሴን አወቅሁ። ዘመኑ የግምገማ ነውና መሥሪያ ቤት ተገምግሜ አውቃለሁ። እዚያ ሂስህን ትውጣለህ፣ ግለ ሂስህን ታወርዳለህ፣ ከዚያ ከገምጋሚህ ጋር ሻይ ትጠጣለህ። ቤት ውስጥ ሻይ የለም።

«ካሜራው ለምንድን ነው ወደ እርስዎ የተጠጋው?» አለች።

«እኔ ምን አውቄ?»

«እሺ፣ ዋሽንቱስ? ለሥጋው አልተነፋም። ለአቶ ገብሬም አልተነፋም። ለእሷ ሲሆን የተነፋው ምን ታይቶ ነው?»

መልስ ካላችሁ ንገሩኝ። አንዲት ፊልም ቤት ገብታ የማታውቅ ሴት በአንድ ከሰዓት ተቀምጣ ቅርበቱን፣ ዝግታውን፣ ሙዚቃውን፣ ቅደም ተከተሉን አንድ በአንድ ተንትና በኔ ላይ ክስ መሠረተች! ጥርሴ አሞኝ እንደነበር፣ ያ ፊትም ከሥጋው ቀጥሎ የታየው ያው ፊት እንደሆነ ላስረዳት ሞከርኩ። ሥጋ እንደሚያምረኝ ድሮም ታውቃለች፣ ስለዚህ ያኛው እውነት ከሆነ ይኼኛውም እውነት ነው አለችኝ። ከዚያ ፍርዱን ሰጠች። ቅዳሜ ቢታ ገነት፣ እህቷ ዘንድ ትሄዳለች። መቼ እንደምትመለስ አልተወሰነም።

ማክሰኞ ልብስ ስታጣጥፍ ደረስኩ። በስህተት የተቀላቀለ አንድ ሸሚዜን ከልብሶቿ መሃል አውጥታ፣ አስተካክላ አጥፋ፣ ለብቻው አስቀመጠችው። ያኔ ጥርሴ ዝም አለ። ከእሱ የባሰ የሚያም ነገር መምጣቱን አይቶ ቦታ ለቀቀ።

ረቡዕ ወደ ኤልያስ ፎቶ ቤት በረርኩ። ላመሰግነው የመጣሁ መስሎት ወንበር ጠርጎ ሰጠኝ። ዘጠኝ ቦታ እንዳስገባኝ በኩራት ነገረኝ። ዘጠኝ! የእንግዶች ፊት ሁሉ ጉም ስለሆነበት፣ የሚያዝን ሰው ሲያስፈልገው እኔን፣ የሚራብ ሲያስፈልገው እኔን፣ የሚደነቅ ሲያስፈልገው እኔን እየቆረጠ ለጠፈ። ለምን እኔ አልኩት።

«ተመልካች ባዶ ፊት አይችልም፣ ጋሽ ታደሰ። ከፊቱ በፊት ያየውን አምጥቶ ይሞላበታል። እርስዎ ምንም አላደረጉም እኮ። የተመቹኝም ለዚሁ ነው።»

ምንም ባለማድረጌ ትዳሬ ሊፈርስ እንደሆነ ነገርኩት። ዋሽንቱስ ብለው፣ ዋሽንት ሲገባ መጀመሪያ ልብ ይባባል፣ ዓይን ከኋላ ሆኖ ምክንያት ይፈልግለታል አለኝ። ጅማ ይህን ሁሉ ያስተምራሉ? እኔ ካሜራ ማጥፊያና ማብሪያ ብቻ ያለው ዕቃ ይመስለኝ ነበር።

የሰማሁትን ይዤ ገብቼ አስካለን ላስተምራት ብሞክር አልሰማ አለች። በመጨረሻ ዓርብ ዕለት ፎቶ ቤቱ ለመሄድ እሺ ያለችው እኔን አምና ሳይሆን ኤልያስን በአካል አግኝታ ልትወቅሰው ነው። ሻንጣዋ ተቆልፎ በር ላይ ቆሟል። የነገው አውቶቡስ ማለዳ ይነሳል። እኔ ከኋላዋ ስሄድ ፍርድ ቤት የሚወሰድ ሰው እመስል ነበር፤ ደግሞም ነበርኩ።

ኤልያስ ሁለቱን የካሴት ማጫወቻ ዴክ አገናኝቶ መጀመሪያ ያልተቆረጠውን ካሴት አሳያት። አርባ ሰከንድ፣ እኔ፣ ከመብራት ሥር። ከፊቴ ምንም የለም፣ ከኋላዬም ምንም የለም።

«ይኼማ ምንም አይልም» አለች።

«በቃ፣ እሱ ነው» አለ ኤልያስ። ከዚያ ዝናቡን አስቀድሞ ፊቴን አስከተለ፤ ቡናው እንዳይበላሽበት የሚጨነቅ አባወራ ሆንኩ። የሠርጉን ጄኔሬተር አስቀድሞ ፊቴን አስከተለ፤ ጄኔሬተሩን እንደ ጠፋ ወንድሜ በናፍቆት አየሁት! አስካለ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከአምስት ቀን በኋላ የመጀመሪያዋ ሳቅ ነበረች። ብዙ ሳይቆይ ወንበሯን ስባ ራሷ ታዝዘው ጀመር። አቶ ገብሬን ለእርድ ከታሰረው በሬ ቀጥሎ እንዲያደርጋቸው ጠየቀች፤ አደረጋቸው። እሳቸው በሬው የጀመረውን ንግግር የሚቀጥሉ መሰሉ። ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ድኛለሁ አልኩ... የዋህ!

ሳቋን ጨርሳ ቀና አለች።

«ሚዜዋንም እንዲህ ነው ያደረግኸው?»

«እንዲሁ ነው፣ እትዬ። ጋሼ አላያትም።»

«ታዲያ ምን እያየ ነበር?»

«ምንም።»

«ምንም?» አለችና ወደኔ ዞረች። «እኔ ሚስትህ እዚያው ዳስ ውስጥ ስዞር ውዬ፣ ምንም?»

አያችሁልኝ! ከአንዱ ወንጀል ነፃ ወጥቼ ወንበሬን ሳልለቅ በባሰው ተከሰስኩ። ሌላ ሴት ማየት አንድ ነገር ነው፤ ይቅርታም ሽማግሌም አለው። ምንም ማየት ግን... ለዚህ የሚላክ ሽማግሌ ከፋ ውስጥ የለም። አስካለ ነጠላዋን አስተካከለች። አንዴ። ሁለቴ።

ኤልያስ ካሴቱን ወደፊት ወደኋላ አመላለሰ። አንድ ቦታ አቆመ። አስካለ ናት። ዳሱ ጫፍ ላይ ቆማ ለእንግዶች ጠጅ ትቀዳለች። ዝናቡ ነጠላዋን አርሶታል፣ አንድ ሰው የሆነ ነገር ብሏት ትስቃለች፣ በክንዷ ግንባሯን ትጠርጋለች። ኤልያስ አዘገያት። ድምፁን አጠፋ። ዋሽንቱን አመጣ። ከዚያ እኔ... እየቀረብኩ፣ እየቀረብኩ። ከዚያ እሷ። ከዚያ እኔ።

ይህን ሁሉ ዓይኗ ሥር ነው የቆረጠው! የትኛውን ቁልፍ እንደተጫነ፣ የቱ ላይ እንዳቆመ ቁጭ ብላ አይታለች።

«እስቲ ድገመው» አለች በቀስታ።

ደገመው። ሰባት ጊዜ ደገመው። እኔም እንግዲህ ሳልደብቃችሁ፣ በሰባተኛው ላይ ያችን ጠጅ የምትቀዳ ሴት ማየት ማቆም አቃተኝ። ያን ቀን በዓይኔ ፊት ስትመላለስ እንዴት እንዳላየኋት እንጃ።

ስንመለስ ዝናብ ያዘን። ኤልያስ የቀዳላትን ካሴት በነጠላዋ ጠቅልላ እሷ ራሷ ራሰች። ቤት ስትገባ ሻንጣውን ከበር ላይ አንስታ ፈታችው። ቅዳሜ የቢታ ገነት አውቶቡስ አንድ ሰው አጉድሎ ሄደ።

እሑድ ከሰዓት ሰፈሩ እኛ ቤት ተጠራ። ሦስት ደቂቃ ለማትሞላ ፊልም! እትዬ ወርቄ ከፊት ተቀመጡ። አስካለ ራሷ ዴኩን ከፍታ ሰው እንዳያወራ አስጠነቀቀች። እኔ ግን ኅሊና ያለኝ ሰው ነኝና ልቤ አልቻለም። ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ፣ ያ ፊት ከሥጋው ቀጥሎ የታየው ያው ፊት መሆኑን፣ ኤልያስ ፊልሙን ሲቆርጥም ራሷ ቁጭ ብላ ማየቷን አስታወስኳት።

ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ላይ አላነሳችም።

«ዝም በል። አንተ ስለ ፊልም ምን ታውቃለህ?»