በሰዓቱ የመጡ ሽማግሌዎች

የሰው ልጅ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሲሞላ የሚነሳና ሰዓቱ ሲደርስ የሚነሳ። እኛ የኮልፌ ልጆች በሚኒባስ ታክሲ ስላደግን ሲሞላ ከሚነሱት ወገን ነን። ከአየር ጤና ወደ ቤቴል የሚሄደው ታክሲ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እንዳትሞክሩት። ረዳቱ ከእግር እስከ ራሳችሁ ያያችሁና «ሲሞላ ነዋ!» ይላችኋል። ይህ ልማድ ከታክሲው ወርዶ ቤታችን ገባ። ሠርጋችን ሲሞላ ይጀመራል፤ የዕድር ስብሰባችን ሲሞላ ይጀመራል፤ የእሁድ አምልኳችን እንኳ፣ ጌታ ይቅር ይበለንና፣ ወንበሩ እስኪሞላ ዘማሪዎቹ አንዱን መዝሙር እየደጋገሙ ያቆዩናል። ደውላችሁ «የት ደረስሽ?» ስትሉን «አየር ጤና ደርሻለሁ» ካልናችሁ፣ ቤታችን ውስጥ አንድ እግር ጫማ እየፈለግን ነው። ይህ ውሸት አይደለም። ተስፋ ነው።

ሰዓቱ ሲደርስ የሚነሳ ፍጡር መኖሩን ያወቅሁት ናቲን ስተዋወቅ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከፊት ለፊቴ ይቀመጥ ነበር። እኔ ከመጽሐፌ ቀና የማልል ሰው ነኝ፤ ግን ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ስንት ሰዓት እንደሆነ አውቅ ነበር።

ለምርቃቱ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ትውልድ ቦታው ስንሄድ ነገሩ ከናቲ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ከአዳማ ወዲያ ያለች፣ ድሮ ባቡር ያሳደጋት ትንሽ ከተማ ናት። አሮጌው ሐዲድ መሐል ለመሐል ተጋድሞ ፍየሎች ይንሸራሸሩበታል፤ አዲሱ ባቡር ከከተማዋ ራቅ ብሎ ያልፋል። የድሮው ባቡር ሲቆም ጥገና ክፍል ይሠሩ የነበሩት ሰዎች በየግቢያቸው የቶርኖ ማሽን ተክለው ብረት መቅረጽ ጀመሩ፤ እነዚህን እጆች ብሎ ደግሞ ናቲ አሁን የሚሠራበት የማሽን ዕቃ ፋብሪካ መጣ። ከተማዋን ብታዩዋት! ፀጉር በምታህል ስሕተት የሚቆጣ ሰው ባለበት ከተማ በር ሲዘጋ አይጮህም። ወንበር አይነቃነቅም። የዳቦ ቤቱ ዳቦ ሁሉ መንትያ ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው በተባለው ሰዓት ይጀምራል፤ ስብከቱም በተባለው ሰዓት ያልቃል። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ውሸታም!» አለችኝ።

እንግዲህ ናቲ እኔን ለማግባት ሽማግሌ የላከብን ከዚህች ከተማ ነው።

እሁድ ስምንት ሰዓት ተባለ። ስምንት ሰዓት ማለት በእኛ ቋንቋ ዘጠኝ ተኩል፣ ሰው ከበዛም አሥር ማለት ነው። ከቦንጋ መጥቶ አየር ጤና የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የከፈተው አባቴ ስምንት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ተዝናንቶ ባኞ ገባ። በሩ ልክ በሰዓቱ ተንኳኳ። ሦስት አዛውንት ግቢያችን ውስጥ ተሰልፈው ቆሙ፤ መሐል ላይ የናቲ አጎት፣ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ የነበሩት ጋሽ በድሉ፣ ዳርና ዳር ሁለቱ የቶርኖ ባለሙያ ጓደኞቻቸው። እንደምታውቁት ሽማግሌ መልስ እስኪያገኝ አይቀመጥም። አባቴ ጆሮው ውስጥ የሳሙና አረፋ ይዞ ወጣና «ምን እግር ጣላችሁ?» አለ። ሽማግሌዎቹ ተናገሩ። አባቴ ግን ሐሳቡ ሁሉ ጆሮው ላይ ነበር።

«እናስብበት። በሌላ እሁድ ተመለሱ» አለ።

«በስንት ሰዓት?» አሉ ጋሽ በድሉ።

እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሽማግሌ በቤቴል ታሪክ የለም።

ሲወጡ የአባቴ እህት፣ አክስቴ ብርቄ፣ የፀጉር መጠቅለያዋን ሳትፈታ ፍርዷን ሰጠች። «በተባለው ሰዓት የሚመጣ እንግዳ ገበና ሊያይ የመጣ ነው! ደግሞስ ልጁ ምን ጎሎት ነው እንዲህ የሚጣደፉት? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።» እኔ ወጥ ቤት በር ኋላ ቆሜ፣ ሕይወቴ በሙሉ በአንድ የሳሙና አረፋ ሊበላሽ መሆኑን አሰብኩ።

ቀጠሮው እንደገና እሁድ ስምንት ሰዓት ሆነ፤ በዕለቱ ግን አባቴ ኩራቱን ዋጠ። ሰባት ሰዓት ላይ ከረባቱን አስሮ ሳሎን ተቀመጠ፤ ሁላችንንም አስቀመጠን። ስምንት ሆነ። ማንም የለም። ዘጠኝ ሊሞላ ሲል ወጡ ቀዘቀዘ፣ አባቴም ቀዘቀዘ። «እንደ ጎረምሳ ሰደድኳቸው። ተቀይመዋል፤ ቀርተዋል» አለና ከረባቱን ማላላት ጀመረ። አክስቴ «ብዬ ነበር» ለማለት አፏን ስታዘጋጅ አየኋትና «ሶፍት አልቋል» ብዬ ወጣሁ።

ታክሲ ማዞሪያው አጠገብ ባለችው ካፌ በረንዳ ላይ ሦስት አዛውንት፣ ሦስት የደረቁ የማኪያቶ ብርጭቆዎች ፊት ተቀምጠዋል። ጋሽ በድሉ ሲያዩኝ ፊታቸውን በእጃቸው ከለሉ።

«እንዳላየሽን ሁኚ ልጄ! ለጨዋነት ብለን እየዘገየን ነው።»

«ምን አሉኝ ጋሼ?»

«ናቲ ነው የመከረን። እዚህ አገር በሰዓቱ መምጣት ነውር ነው አለን። ሰባት ተኩል ላይ ደርሰን ይኸው ተደብቀናል። ዕድሜዬን ሙሉ ባቡር ዘገየ ብዬ ሰውን ይቅርታ ስለምን ኖሬ፣ ዛሬ ራሴን በገዛ እጄ አዘገይ! እጄን እዪው፣ ላብ በላብ ሆኗል።»

«እኔማ ሁለቴ ተነስቼ ነበር፤ ጎትቶ አስቀመጠኝ» አሉ አንደኛው ባለቶርኖ።

ልብ በሉ፤ እኔ «ወራጅ አለ» ለማለት አፍሬ አንድ ፌርማታ አልፌ የምወርድ ሴት ነኝ። የራሷን ሽማግሌዎች ከካፌ ቀስቅሳ ያመጣች ሙሽራ ደግሞ ተሰምታ አትታወቅም። ግን አባቴ ከረባቱን ካወለቀ መልሶ እንደማያስረው አውቃለሁ።

«አባዬ እኮ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ እየጠበቃችሁ ነው! ከረባቱን ሊያወልቅ ነው! ተነሱ!» አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት። አስተናጋጇ ዞራ አየችኝ።

ተነሱ ብቻ? ጋሽ በድሉ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱና እንደ ጣቢያቸው ዘመን ባቡር የሚያስነሱ ይመስል ወደ ፊት ጣሉት፤ ሁለቱ ተከተሏቸው። እኔ በሩጫ ቀድሜ ገባሁ፤ እነሱም እያለከለኩ ከኋላዬ ደረሱ።

«ሶፍቱስ?» አለች አክስቴ።

ባዶ እጄን አየሁት። አባቴም አየው። ቀጥሎ የእኔን ላብ፣ ቀጥሎ የሽማግሌዎቹን ላብ አየ። ሳቁን ለመያዝ ጢሙን ሲዳብስ ቆየ። «ምን እግር ጣላችሁ» አላለም። ከረባቱን አጠበቀና «ቁጭ በሉ» አለ።

ቁጭ በሉ ማለት ሰጥቻለሁ ማለት ነው።

«እንዴ! ገና ሳይጠይቁ?» አለች አክስቴ።

«ሞልቷል እኮ ብርቄ። የሞላ ታክሲ ምን ይጠብቃል?»

እልልታው ከማዞሪያው ሳይሰማ አልቀረም።

ሠርጉ ሲቃረብ ጋሽ በድሉ አንድ ዘዴ አመጡ፤ ለእነሱ ዘመዶች እውነተኛው ሰዓት፣ ለእኛ ዘመዶች ደግሞ ከእሱ ሁለት ሰዓት የቀደመ ሰዓት በጥሪ ካርዱ ላይ ይታተም፤ ሁሉም አንድ ላይ ይደርሳል። አባቴ ሰው በሩጫና በላብ ሊገናኝ ከቻለ በካርድም ይገናኛል ብሎ ተስማማ። ካርዶቹን ያደልኩት እኔ ነኝ። አክስቴ ብርቄ ዘዴውን ሰምታ ኖሮ፣ የእኛን ወገን ካርድ ተቀበለች፣ አገላብጣ አየችው፣ መልሳም ሰጠችኝ።

«የእነሱን ስጪኝ» አለች። «በሰዓቱ ካልደረስኩ ገበናቸውን ማን ያይልኛል?»