የቤይሩት ቦምብ መካነ ሰላም ሲሰማ

«ዓለም አንድ መንደር ሆናለች» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት ቤት ይቁጠረው። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ እንጀራዬ ነው። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ እናንተ የምታውቁት መንደር ምን ዓይነት ነው? እኔ በማውቀው መንደር የጎረቤት ቤት ሲቃጠል ጩኸት ይሰማል፣ ሰውም ውሃውን ተሸክሞ ይሮጣል። ይህ አዲሱ መንደር ጩኸቱን ብቻ ያሰማችሁና መሮጫ መንገዱን ይከለክላችኋል። ይህን ደግሞ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ከእትዬ ዘሀራ ቤት ነው የተማርኩት።

እትዬ ዘሀራ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። ልጃቸው ሐዋ ተማሪዬ ነበረች። ካርታ ላይ አገር ፈልጊ ስትባል ጣቷ ከዓይኔ ይቀድም ነበር። አሥራ ሁለተኛን ሳትጨርስ ከካርታው ላይ አንዱን ከተማ መርጣ ሄደች፤ ቤይሩት፣ ሰው ቤት ልትሠራ። መቼም በከተማችን በመካነ ሰላም አዲስ ቆርቆሮ ሲያብለጨልጭ ካያችሁ፣ ባለቤቱ ምን ነግዶ ነው ብላችሁ አትድከሙ፤ ዓረብ አገር ወለል የምትወለውል ልጅ አለችው። የእትዬ ዘሀራም ቆርቆሮ ያበራል። እኔም በልቤ «እንኳን ሄደች» ብዬ ነበር። አልዋሽም።

ከዚያ ቤይሩት ላይ ቦምብ መውደቅ ጀመረ። ሐዋም መደወል አቆመች።

ዲሽ ያለው እኔ ቤት ስለሆነ እትዬ ዘሀራ በየማለዳው ደጄ ላይ ይቆሙ ጀመር። ያ ረጅም የወሎ ሰላምታቸው እንኳ ጠፋ። «መምህር፣ ዛሬስ የት ወደቀ?»

«ዛሬ ረጭ ብሏል። አብሽሩ፣ እትዬ» እላለሁ።

ውሸት ነው። ጠዋት ያየሁት ፎቅ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈርፍሯል፤ ከፍርስራሹ ላይ አረንጓዴ የብረት በረንዳ ተንጠልጥሏል። ሐዋ በላከችው ፎቶ ላይ የቆመችበት በረንዳም አረንጓዴ ነው። ቤይሩት ውስጥ ስንት አረንጓዴ በረንዳ ይኖራል? ክፍል ገብቼ ጠመኔ አነሣለሁ። ከተማሪዎቼ እህት እዚያ ያላቸው ብዙ ናቸው። ማንም አይጠይቀኝም። ሁሉም ያየኛል።

በስምንተኛው ቀን እትዬ ዘሀራ አልመጡም። ይሄ ከጥያቄያቸው ይልቅ አስፈራኝ። ብሄድ ጓሮ ተቀምጠው፣ ስልካቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ይዘዋል።

«መምህር» አሉኝ ቀና ሳይሉ፣ «እንደምትዋሸኝ አውቃለሁ። ግን ነገም ዋሸኝ።»

አጠገባቸው ልቀመጥ ስል ስልኩ ጮኸ። ሐዋ ናት!

ድምፁ ለእኔም ይሰማል፤ እያለቀሰች ተረከች። አሠሪዎቿ ስልኳን ቀምተው፣ በሩን ከውጭ ቆልፈውባት ወደ ተራራ ሸሽተዋል። ሁለት ቀን ስትጮህ ሰምታ መቆለፊያውን በመዶሻ የሰበረችላት ጎረቤት ቤት የምትሠራ የባንግላዴሽ ልጅ ናት። አሁን ሐዋ ከብዙ የአገሯ ልጆች ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተጠልላለች፤ የምትደውለውም በሰው ስልክ ነው።

«አልሐምዱሊላህ! ነይልኝ ልጄ፣ ነይልኝ በቃ!» እትዬ ዘሀራ ሌላ ቃል ጠፋቸው።

«እማ፣ ቲቸር አጠገብሽ ካሉ ስጪልኝ።»

ስልኩን ተቀበልኩ።

«ቲቸር፣ እርስዎ እውነቱን ይንገሩኝ። እማ እንደሆነች ስንደዋወል ሁልጊዜ ‹አገር ሰላም ነው› ነው የምትለኝ። እዚህ ያሉት ልጆች ግን በእናንተ በኩል ተኩስ አለ፣ መንገዱም ተዘግቷል ይላሉ። ቦምቡ ሲወድቅ ሁላችንም የምናለቅሰው ለእናንተ ነው። መመለስ ለሚፈልግ ስም እየተመዘገበ ነው። ልምጣ ወይስ ልቆይ?»

ባለፈው ሳምንት በተኩስ ድምፅ ተማሪዎቼን ወለል ላይ አስተኝቼ ነበር። የደሴ መኪና ከወጣ ሰንብቷል። እትዬ ዘሀራን አየኋቸው። «ነይ በላት» ይሁን «ቅሪ በላት»፣ ዓይናቸው ውስጥ ሁለቱም ነበር።

አፌን ከፈትኩ። ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ዕድሜዬን ሙሉ ኔትወርክ ስረግም የኖርኩ ሰውዬ፣ የዚያን ቀን ስለጠፋ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

«አይዞህ፣ ይመለሳል» አሉኝ እትዬ ዘሀራ፣ ስልኩን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ እያስቀመጡ።

እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው።