አያሌው የሰፋው ሸራ

መርዶ ነጋሪ የሚመጣው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ይህን ደሴ ውስጥ የማያውቅ የለም። በማለዳ በር ሲንኳኳ የምንደነግጠው ለዚህ አይደል? የእኔ መርዶ ግን በጠራራ ፀሐይ መጣ። ያውም ሸራ ተሸክሞ።

የመጡት የባለቤቴ የአያሌው ጓደኞች፣ ሰይድና መምህር ደምሴ ናቸው። የታጠፈውን ሸራ እንደ ቃሬዛ ግራና ቀኝ ይዘውታል። ጠዋት ከአያሌው ጋር ሦስት ሆነው ወደ ሐይቅ የሄዱ ሰዎች ሁለት ሆነው ተመለሱ። ሰይድ «ወላሂ እትዬ ጥሩነሽ» አለና ወደ ደምሴ ዞረ። የነገረኝ ደምሴ ነው። አያሌው ውሃው ላይ ምንም አልሆነም። ከጀልባዋ ወርዶ፣ ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ፣ ሸራውን ሲያጥፍ ልቡ ቀጥ አለች። ሐይቁ ይበላሃል እያልሁ ስጨቀጭቀው ኖሬ፣ የበላው መሬት ሆነ።

ጀልባ ስል መሳቃችሁ አይቀርም። ደሴን ከጀልባ ምን አገናኛት? እኔም ስስቅ ነው የኖርሁት። አያሌው ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። ደምሴ ያስተምራል፣ ሰይድ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ይነዳል። አንድ ቀን ሐይቅ ዳር ዓሣ ሊበሉ ሄዱና ውሃውን አይተው አበዱ። ጀልባዋን ሦስቱ ከጣውላ ሠሯት፤ ሸራውን አያሌው ሰፋው። የኮምቦልቻ ወጣቶችም ሰምተው የራሳቸውን ሠሩ፤ በዓመት አንዴ መወዳደር ተጀመረ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ። እነዚህ ግን አብረው ጀልባቸውን ዛፍ ላይ ማሰር እንኳ ረስተው ያውቃሉ። ብቻዋን ሐይቁ ዳር ወዳለው ገዳም ሄዳ፣ ተሳልማ ስትመለስ ተቀበሏት። ምግባቸውም ጣጣ ነበር። ደምሴና አያሌው ሲጾሙ ሰይድ ይበላል፣ ሰይድ ሲጾም እነሱ ይበላሉ፤ የሥጋ ነገርማ ባይነሳ ይሻላል። በመጨረሻ ቆሎ ላይ ታረቁ። ቆሎ ከማንም ሃይማኖት አይጣላም።

ጣጣው ደግሞ ቤት ድረስ ይከተላል። ልብስ አጥቤ ሳሰጣ አያሌው ከኋላዬ መጥቶ አንሶላውን እንደገና ያስረዋል። ነፋሱን በደንብ አልያዘም ይለኛል። ሚኒባስ ውስጥማ አያድርስ ነው። ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ሐረጎ ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ሲደርሱ ሰይድ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ወንበር፣ እኩል ወደ አንድ ጎን ይጋደማሉ። ጀልባ እንዳይገለበጥባቸው የሚያደርጉት ነው። ተሳፋሪው ምን ያውቃል? አብሮ ይጋደማል።

የለቅሶው ዕለት የእድራችን ድንኳን ሌላ ሐዘን ቤት ተተክሎ ነበር። ሰማዩ ጠቁሯል። ደምሴና ሰይድ ተያዩና ያንኑ ሸራ ግቢው ላይ ወጠሩት። የነፍስ አባታችን ጸሎት እንደ ጀመሩ ከጦሳ ተራራ ነፋስ ወረደ። ሸራው ተነፋ፣ እንጨቱ ሲጥ አለ። ደምሴ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ «ልቀቀው ሰይድ፣ ልቀቀው!» አለ። ሰይድ ገመዱን ላላ አደረገው፤ ሸራው ተንቀጠቀጠ። መልሶ ትንሽ ሳበው፤ ጸጥ አለ። አባታችን ጸሎቱን አቋርጠው ዙሪያቸውን ያያሉ፤ ማን ማንን እንደሚለቅ ግራ ገብቷቸዋል።

ሳቄ አመለጠኝ። ሴቶቹ አእምሮዋን ሳተች ብለው ውሃ ረጩኝ። እኔ ግን ቀና ብዬ እያየሁ ነበር። ያ ሁሉ ለቀስተኛ፣ ያ ሁሉ ነጠላ፣ ግቢው እንዳለ ተነሥቶ፣ ወዴት እንደሆነ እንጃ፣ የሚሄድ መሰለኝ። ለካ አያሌው ሲያይ የኖረው ይህንን ነው አልሁ በልቤ።

ከዚያ ወዲያ ሸራውን ሳጥን ውስጥ ቆለፍሁበት። የአያሌው ሽታ እዚያ ላይ ነበራ። አርባው ወጣ፣ የውድድሩ ቀን ቀረበ። ሁለቱ እየመጡ ይቀመጣሉ፣ ስለ ዝናብ ያወራሉ፣ ይሄዳሉ። ሸራ የሌላት ጀልባ ገንዳ ናት። ግን የባልሽን ማስታወሻ ስጪን ተብሎ ይጠየቃል? በመጨረሻ እኔው፣ ሸራው ያለ እኔ አይሄድም አልኋቸው። ተያዩ። ሰይድ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ክብደቱማ ከጋሽ አያሌው አይተናነስም» አለ። በሌላ ጊዜ ቢሆን እቀየመው ነበር።

ውሃው ላይ የአያሌውን ቦታና የሸራውን ገመድ ሰጡኝ። ነፋሱ ሲመጣ ገመዱን እጄ ላይ ጠምጥሜ ባለኝ ኃይል ሳብሁ። ሸራው እንደ ግድግዳ ተገተረ። ጀልባዋ ትጋደማለች እንጂ አትሄድም። የኮምቦልቻ ልጆች ባጠገባችን ሲያልፉ አንዱ፣ እማማ ገበያው እንዳይፈታብዎት አለኝ። ደምሴ መሪውን እንደያዘ በትሕትና፣ ትንሽ ይልቀቁት አለኝ። ጣቶቼ እምቢ አሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይህን የተረተ ሰው ባል የሞተባትን ሴት ረስቷል። እሱን ብለቀው ምን ይቀረኛል?

ሰይድ ፊቱን ወደ ውሃው እንዳዞረ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ጋሽ አያሌው ምን ይለኝ ነበር መሰለዎት? ‹እስኪንቀጠቀጥ ልቀቀው። መንቀጥቀጡ እስኪያቆም ብቻ ሳበው። ከዚያ ያለፈው ፍርሃት ነው።›»

ለቀቅሁት። ሸራው ተንቀጠቀጠ። የለቅሶው ዕለት ድምፅ ነው፤ አወቅሁት። እኔም አብሬው ተንቀጠቀጥሁ፤ ሳጥኑ ውስጥ የቆለፍሁትን ዕንባ ሁሉ አፈሰስሁት። ከዚያ ገመዱን ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ሳብሁ። ጸጥ አለ።

እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? ሞተር የለ፣ ቀዛፊ የለ፣ የገፋን ሰው የለ። ጀልባዋ እንደ ታዘዘች ሄደች። ከእግሬ ሥር ውሃው ማውራት ጀመረ። ተራሮቹ ዞር እያሉ አሳለፉን። ገዳሙ በጎናችን አለፈ፤ ሴት አያስገባም፣ ነፋሱ ግን ወንድ ሴት አላለም። ቀና ብል የአያሌው ስፌት በፀሐዩ ይታያል፤ ያንን የሚያህል ነፋስ ያቺ ቀጭን ክር ይዛዋለች። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ለነገሩ ተሸንፈናል። ከሁለት ጀልባ ሁለተኛ ወጣን። መነሻው ላይ ገመዱን አንቄ ያባከንሁትን ማን ይመልሰው? በለቅሶው ጠንከር በይ፣ አጥብቀሽ ያዢ ስትሉኝ የነበራችሁ ሁሉ፣ ሽንፈቱ የእናንተ ነው። ምክራችሁን ሰምቼ ነው።

ለካሳው ያህል አያሌውን በጸሎት አስቡልኝ። ሰይድ አላህ ይዘንለት ይላል፣ ደምሴ ነፍስ ይማር ይላል፤ እናንተም እንደየእምነታችሁ በሉለት። ብቻ ጸጥ ባለ ቦታ ያሳርፈው እንዳትሉ። ውሃው ጸጥ ሲል እንዴት እንደሚነጫነጭ እኔ አውቃለሁ። ትንሽ ነፋስ ለምኑለት።