አልማዝ ባለጭራ ያስለፈለፈችኝ

ወገን፣ ዛሬ በሸዋ ሮቢት ምድር የተዋረደ ሰው ካሻችሁ፣ አለሁላችሁ!

ሰኞ ዕለት ቀኝ ጎኔን እንደ እሳት ይለበልበኝ ጀመር። ሙቀቱ ነው ብዬ ዝም። እዚህ አገር ያልተቃጠለ ማን አለ?

ማክሰኞ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ከጀርባዬ ወደ ሆዴ ተሰልፎ ወጣ።

ጎረቤታችን እትዬ መዲና አይተው ጮኹ። "አልማዝ ባለጭራ! ወገብህን ዞራ ራሷና ጭራዋ ከተገናኙ፣ ልጄ፣ አለቀልህ!"

አለቀልህ!!

በቀጥታ ልብስ ሰፊ ጋ ሄድኩ። ሸሚዜን ገልቤ "ጫፍና ጫፉ ሊገናኝ ስንት ሳንቲ ቀረው?" አልኩት።

በሜትሩ እየለካኝ "ለሱሪ ነው?" አለኝ።

"ለዕድሜ ነው!"

እንግዲህ የሰው ሐቅ ይዞ አይሞትም። ጋሼ ይመር ጋ ሮጥኩ። ማሳችን ይዋሰናል፤ ሁለታችንም በመስኖ ሽንኩርት እናለማለን።

"ጋሼ፣ አፉ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ። አምና ሽንኩርትዎ የደረቀው በፀሐይ አይደለም። ጁማ ሲሄዱ ጠብቄ ውሃዎን ወደ ማሳዬ የማዞረው እኔ ነበርኩ።"

(መስጊድ ሲያጡኝ "ሰኢድ አሞት ይሆናል" ብለው ዱዓ ያደርጉልኝ ነበር። አዎ፣ ስደቡኝ።)

ዓይናቸው እንባ ሞላ። "ለሚሞት ሰው ምን እላለሁ? አፉ ብያለሁ።"

ቅልል ብሎኝ ቤት ስገባ ባለቤቴ ፋጡማ "ከመሞትህ በፊት ጤና ጣቢያ ብትታይስ?" ብላ ባጃጅ ላይ ጫነችኝ።

ነርሷ አይታኝ ሳቀች። ሳቀች እኮ!

"በልጅነትዎ ጉድፍ ወጥቶብዎት ነበር? ያኔ ቫይረሱ አልሄደም፤ ነርቭዎ ውስጥ ተኝቶ ነበር። አሁን ነቃ። ነርቩን ተከትሎ ስለሚወጣ ነው በአንድ ጎን የሆነው።"

"ቢገናኝስ?"

"እሱ ተረት ነው።"

ቶሎ መምጣቴ በጀኝ። የቫይረሱ መድኃኒት ሽፍታው በወጣ በሦስት ቀን ውስጥ ሲጀመር ነው በደንብ የሚሠራው። በቀን አምስት ጊዜ የሚዋጥ ኪኒንና የሕመም ማስታገሻ ሰጠችኝ። መድኃኒት ይሆናል ብዬ ሽፍታው ላይ የለጠፍኩትን ነጭ ሽንኩርት ስታይ ግን ተቆጣች! ቁስሉ እስኪደርቅ ሸፍኜው ከእርጉዝና ከሕፃናት እንድርቅም ነገረችኝ፤ ጉድፍ ይዞት የማያውቅን ሰው ጉድፍ ያስይዛል። ክትባትም አለው፣ በተለይ ለትልልቅ ሰዎች። እኛ ጋ ግን እንደ ልብ አይገኝም።

ባጭሩ አልሞትም። አልሃምዱሊላህ!

ቆይ ግን...

ዛሬ ጠዋት ጋሼ ይመር አንገታቸውን ደፍተው ሊጠይቁኝ መጡ። በረንዳ ላይ ማንጎ ስግጥ ደረሱ።

"አልሞትክም እንዴ?"

"ይድናል አሉኝ፣ ጋሼ..."

"እኔ አፉ ያልኩት የሚሞተውን ሰኢድ ነው!"

ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። የሚቀጥሉት አራት የውሃ ተራዎቼ የሳቸው ሆኑ። ሽማግሌም ምስክርም አላስፈለገም፤ ራሴው መስክሬ!

ምክሬ ይኸውላችሁ፦ አንድ ጎናችሁን አቃጥሎ ውሃ ከቋጠረ ሐኪም ጋ ሩጡ። ኑዛዜው ይደርሳል!

ይህን ስጽፍ ፋጡማ ኪኒኔን ይዛ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላለች።

"ለኔስ የምትናገረው የለህም?" ትላለች።

ምን ልበላት?