ሐይቅ በብብቷ ያቀፈቻቸው የዳክዬ እንቁላሎች

ወላሂ! ይህ የምጽፈው ሁሉ ከአሊፍ እስከ ያ እውነት ነው፤ ከዋሸሁ የቆረሶ ዓሣ እሾህ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ ይቅር። ውጫሌ ገበያ ቆሜ እንዲሁ ስምል የሰሙኝ ሰዎች «አሁንስ አበዛኸው» ብለውኛል፤ እኔ ግን ገና አልጀመርኩም ነበር።

ወኮነ በዘመነ ለውጥ፣ ለውጡ በገባ በአራተኛው ዓመት፣ ጦርነት ከሰሜን ጎዳናውን ይዞ ሲወርድ፣ ነሐሴ የአምባሰልን ተራራ በጉም ሸፍኖ፣ ዘይትና መብራት በየተራ በሚጠፉበት ወራት፣ ልዕልተ ሐይቅ፣ መብረቀ ጅዳ፣ ድል አድራጊተ ስደት፣ እመቤት ሰሚሃ ወለተ ኑርዬ፣ ከባሕር ማዶ በሻንጣ ጭነው ያመጡትን የፕላስቲክ ሳጥን በእናታቸው ሳሎን መካከል አቆሙ፤ ይህም ሳጥን ባለ አንድ አምፖል፣ ክዳኑ መስኮት ያለው፣ ከሥሩ ውኃ የሚጠራቀምበት፣ እንቁላል ያለ እናት የሚፈለፍል ክንፍ አልባ እናት ነበረ።

ስለምን አቆሙት ቢሉ፣ ሰሚሃ ከጅዳ ከተመለሱ ወዲህ ያልሞከሩት ሥራ አልነበረም፤ ሽቶ ሸጡ፣ አባያ ሰፉ፣ አንዱም አልያዘላቸውም፤ ወደ ጅዳ ሊመልሳቸው የሚሻው ደላላም «ቪዛው ደርሷል» እያለ በየጁምዓው ይደውል ነበር። እናታቸው አሚናት ደግሞ ልጃቸውን ስምንት ዓመት በስልክ ድምፅ ብቻ ያገኙ ናቸውና፣ ስልኩ በጠራ ቁጥር የያዙት ዕቃ ከእጃቸው ይወድቅ ነበር፤ በቤቱም ጆሮው ያልተሰበረ ስኒ ጠፋ። ያን ጊዜ ሰሚሃ በደጃፋቸው ቆመው አወጁ፦ «ጎረቤት ሆይ! ከዚህ ሳጥን አንዲት ነፍስ እንኳ ከወጣች እዚሁ እቀራለሁ፤ ዳክዬ አረባለሁ። ካልወጣች ግን፣ እማ፣ አታልቅሺብኝ፤ ደላላውን እሺ እለዋለሁ።»

እንቁላሎቹን ያስገቡት ዓሣ አጥማጁ ሊቀ ታንኳ ታረቀኝ ነበሩ፤ ክረምቱ ሐይቁን ሞልቶ በፊላው ሣር መካከል ያለውን የዳክዬ ጎጆ ሊውጠው ሲል፣ አሥራ አራቱን እንቁላሎች በባርኔጣቸው ተሸክመው፣ እንደ ተማረኩ መኳንንት በክብር አገቧቸው። ሰሚሃም ጠዋት ማታ በእጃቸው እያገላበጡ፣ ውኃ እየረጩ፣ በስልካቸው ባትሪ እያበሩ ተጉ።

ባላጋራም አልታጣ፤ ባለ ወፍጮው አያ ኸሚስ፣ ምላሳቸው ከወፍጮ ድንጋያቸው ይልቅ የሚፈጭ፣ በወፍጮ ቤታቸው ደጅ ተቀምጠው አስነገሩ፦ «ሳጥን ከወለደ የኔም ወፍጮ ይውለዳ! ሰሚሃ ልጄ፣ ጅዳ የሄድሽው ወርቅ ልታመጪ ነው ወይስ ክዳን ያላት ዶሮ?» የሚያስፈጨውም ሕዝብ ዱቄት እስኪያስነጥሰው ድረስ ሳቀ።

ወእምዝ ሦስት ሳምንት በሞላ ጊዜ ታላቅ ስሕተት ሆነ። ዶሮ በስንት ቀኗ እንደምትፈለፍል በእኛ አገር የማያውቅ የለምና፣ የሰፈሩ ሴቶች በዶሮ ስሌት አስልተው፣ ሳጥኑን አራስ አድርገው፣ ገንፎ ሠርተው፣ ቅቤና በርበሬውን መሐሉ ላይ አፍስሰው፣ እልልታቸውን አፋቸው ውስጥ ይዘው መጡ፤ ሳጥኑንም ከበው ተቀመጡ። ሳጥኑ ዝም አለ። እልልታው በየአፋቸው ቀዘቀዘ፤ ገንፎው ግን ሳይቀዘቅዝ ተበላ። አያ ኸሚስ ሳይጠሩ መጥተው፣ ሁለት ጊዜ አስጨምረው፣ «አራሲቱ መብላት ስላልቻለች እኔ ተክቻለሁ» ብለው ጣታቸውን እየላሱ አወጁ። አሚናት ጓዳ ገብተው ቀሩ። ሰሚሃ ግን አንዱን እንቁላል አንሥተው፣ በባትሪ አብርተው፣ በውስጡ ጥቁር ነገር ሲንፈራገጥ አዩና፦ «ዶሮንና ዳክዬን ማን አንድ አደረጋቸው? ዳክዬ ገና ሌላ ሳምንት ትሻለች። አብሽሩ!» የሚል ዐዋጅ አወጡ።

ያ ሳምንት ሳይሞላ ጦርነቱ ቀረበ፤ ከወልድያ በኩል የተፈናቀሉ ሰዎች ፍራሽና ልጅ ተሸክመው ወደ ከተማችን ገቡ፤ ሰሚሃም ግቢያቸውን ከፈቱላቸው፤ ከዚያ የመብራቱ መስመር ተበጠሰ፤ አምፖሉ ጠፋ፤ ክንፍ አልባዋ እናት በረደች። ኔትወርክም ለሁላችን እምቢ አለን፤ ለደላላው ግን ይታዘዝ ነበር።

በዚያች ማለዳ የአገር ሽማግሌው ሼህ ሳሊሕ ስለ ሰላም ዱአ እንዲደረግ ጀመዓውን ጠርተው ነበር፤ ሰፊ ሳሎን ያለውም የአሚናት ቤት ነውና ሕዝቡ ጫቱን በጉያው ይዞ ወደዚያ ጎረፈ። ሰሚሃ በሩ ላይ ቆመው ታላቁን ዐዋጅ አወጁ፦ «ያ ጀመዓ! መብራት ቢሄድ ብብት አልሄደም። ከዚህ በር የሚገባ እንቁላል ይያዝ፤ እንቁላል ያልደረሰው ከያዘው ጎን ተጠግቶ ያሙቅ፤ ሲደክማችሁ ተቀባበሉ። ጨብጫቢ ካለ ከአሁኑ ይመለስ!»

ሕዝቡ አጉረመረመ፤ መንዙማ ያለ ጭብጨባ ጨው የሌለው ወጥ ነዋ፤ እጅ ሳይነሣስ ምን አሚን አለ? ሼህ ሳሊሕ ግን ጢማቸውን ዳብሰው፣ የመጀመሪያውን እንቁላል በብብታቸው ሸጉጠው ፈረዱ፦ «አላህ ከብብት ሥርም ይሰማል። ክርናችሁን ሰብስቡ፣ መዳፋችሁን እስከ እንብርት ዘርጉ። ለሰው ሰላም ስንለምን ለዳክዬም ይትረፋት!»

ያን ጊዜ የታቃፊዎቹ ሠራዊት ተሰለፈ። በቀኝ ሼህ ሳሊሕና ለዱአ የተቀመጠው ሐድራቸው፣ አንገታቸውን እንጂ እጃቸውን የማያነሡ፤ በግራ ሊቀ ታንኳ ታረቀኝ፣ ክርስቲያን ቢሆኑም ያመጡትን ምርኮ ለማን ይተዋሉ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሌላው «አሚን» ሲል «አሜን» የሚሉ፤ በደጀን አሚናት፣ እንቁላላቸውን በጡታቸው መካከል የቀበሩ፤ በመሐል እንግዶቹ፣ ከእነርሱም አንዲት ሴት፣ የታቀፈች ዶሮዋን በቤቷ ትታ የሸሸች፣ ሁለት እንቁላል በሁለት ብብቷ ይዛ፣ ተራ ሲደርስም አልሰጥም ያለች፤ በመጨረሻም አያ ኸሚስ፣ ለጫቱ ብለው የገቡ፣ በግድ አንድ የተሸከሙ።

እርሳቸውም ከሐይቅ እስከ አምባሰል አቻ የሌላቸው ጨብጫቢ ነበሩ። መንዙማው ሲግል መዳፋቸው ሊነሣ ይቃጣል፤ አሚናት ዓይናቸውን ያፈጡባቸዋል፤ መዳፉ ይመለሳል፤ ያ ያልወጣ ጭብጨባ ሁሉ ወደ ውስጥ ተመልሶ ሰውነታቸውን እንደ ወፍጮ ሞተር አጋለው። እንዲህ እየተቀባበሉ ሰነበቱ፤ በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አያ ኸሚስ ከመንዙማው መካከል ብድግ ብለው፣ በዕድሜያቸው ያለ ተንኮል የተናገሩትን የመጀመሪያ ዐዋጅ አሰሙ፦ «ያ ጀመዓ! ቆረቆረኝ! ወላሂ እየቆፈረኝ ነው! ኧረ ሰሚሃ ድረሺ፣ አራስ ልሆን ነው!»

ከብብታቸውም ቅርፊት ወደቀ፣ እርጥብ ምንቃርም ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ደላላው በዚያችው ሰዓት ይደውል ነበርና፣ አሚናት ስልኩን ራሳቸው አንሥተው፣ አንዳች ነገር ከእጃቸው ሳይወድቅ፣ «ልጄ ወልዳለች! አትመችህም!» ብለው አወጁበት።

በዚያው ዕለት አሥራ አንድ ጫጩቶች ከአሥራ አንድ ብብት ወጡ። ሁሉም አያ ኸሚስን እናታችን ብለው ተከተሏቸው፤ አያ ኸሚስ ፊት፣ ዳክዬዎቹ በአንድ መስመር ኋላ፣ ሠራዊቱ ከዚያ በኋላ ሆኖ፣ ባጃጆች መንገድ ለቀው፣ እስከ ሐይቁ ዳር ድረስ ወረዱ።

ሰሚሃ ሆይ! ያለ ክንፍ ያቀፍሽ፣ ያለ አምፖል ያሞቅሽ፣ በጦርነት ዘመን ከተማውን ሙሉ የታቀፈች ዶሮ አድርገሽ ያስቀመጥሽ፤ ማሲንቆውን በአምባሰል የቃኘ ሁሉ ስምሽን ያንሣ፤ አሜንም አሚንም ይሁን!

የቆረሶው እሾህ ነገር ስለሚያሳስበኝ ግን አንድ ነገር ላርም። አሥራ አንድ ያልኩት የራሴ ፈጠራ ነው። የወጣችው የአያ ኸሚስ አንዲቱ ብቻ ናት፤ በሌሎቹ ብርዱ ቀድሞን ነበር። በአንዲት ዳክዬ ሰልፍ አይሞላም ብዬ ጨመርኩ። ሰሚሃ ግን አልቆጠረችም፤ እዚሁ ቀረች።